የግራ እግር ድርሻ

ቲንሊል፣ ጃንዋሪ 11፣ 1987

በአላህ ስም። ለወንድሜ ልጅ ለዳውያ። ሰላምታዬ ከዚያ አገር ብርድ ቀድሞ ይድረስሽ፤ ጤናሽን ያብዛልሽ፤ የጀመርሽውን ትምህርት ያስጨርስሽ። እኔ አጎትሽ ቡጀምዓ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ላላ መብሩካም ደህና ናት፤ ድምጿም እንዳለ ነው፣ ጎረቤት ይመስክር።

የመንደሩ ውሃ፣ ፎጋራችንም ደህና ናት። እንደ ድሮዋ ከመሬት በታች በዋሻዋ መጥታ፣ በማከፋፈያው ድንጋይ ጥርሶች መሐል ለየአትክልቱ ትደርሳለች። ባለፈው ሳምንት ዋሻው ከተጠረገ በኋላ የውሃው ባለድርሻዎች ጉባኤ ተሰብስቦ ለካኋት። የመዳብ ሰሌዳዬን ቦዩ ላይ ገድቤ ቀዳዳዎቹን በጭቃ እየደፈንኩ እየከፈትኩ ቆየሁ። ውሃው ከሰሌዳው አፍ ሳያልፍም ሳይጎድልም ልክ ሲቆም ክፍቶቹን ቆጠርኩ። መቶ አስራ ሁለት ሐባ ሆነች፤ ከአምናው በሁለት ቀዳዳ ትበልጣለች። አብደልሃዲ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። ካናገርኩት አስራ አንድ ዓመት ስላለፈ፣ ለምን እንደነቀነቀ አልጠየቅሁትም።

ነርሱ ኸዲር እንደነገረኝ አንቺ እዚያ በሰው ገላ ውስጥ ደም በስንት ፍጥነት እንደሚሄድ ትለኪያለሽ። አባትሽ ከሞተ ጀምሮ በእጄ ስላደግሽ አልደነቀኝም፤ የእኛ ቤት ሰው ሲሄድ ያየውን ነገር ሁሉ ሳይለካ አያድርም። እንዴት እንደምትለኪ ግን ጻፊልኝ። ሰሌዳውን የት ታስገቢዋለሽ?

በተረፈ አንድ ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ። ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር የለም።

አጎትሽ ቡጀምዓ፣ የቲንሊል ውሃ ለኪ


ሊዮን፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 1987

ለተከበሩ አጎቴ ለዓሚ ቡጀምዓ። ሰላምታዬ በእጅዎም በራስዎም ላይ ይረፍ። ለላላ መብሩካ ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ እምቢ ካሉ ለእርሷ ይንገሯት፣ ራሷ ታስገድድዎታለች።

ካልሲዎቹን ልኬያለሁ። ስለ ሥራዬ ለጠየቁኝ፣ ሰሌዳ የምናስገባበት ቦታ የለንም፤ ቆዳ ሳንበሳ ነው የምንለካው። መሣሪያው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ደም ስሩ ይልካል፣ ድምፁ ከሚሄደው ደም ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ከተመለሰው ደሙ በሴኮንድ ስንት ጣት እንደሚጓዝ እናውቃለን። የደም ስሩን ስፋት ደግሞ በመስታወቱ ላይ እናያለን። ከእርሱ የአፉን ክብ ቦታ አስልተን በፍጥነቱ ስናባዛ በደቂቃ የሚያልፈው ደም ይወጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

እኔ ግን ተጨንቄያለሁ። መመረቂያ ሥራዬ ስለ ጭን ደም ስር ነው። ጭን ላይ ግንዱ ለሁለት ቅርንጫፍ ይከፈላል። ሁለቱን ቅርንጫፎች ለክቼ ስደምር ከግንዱ ይበልጡብኛል። በአርባ ሰው ላይ ለካሁ፤ በአርባውም ይበልጣሉ። አስተማሪዬ ማዳም ሉሴት "ማድሞዋዜል፣ ደም መንገድ ላይ አይወልድም" አለችኝና ወረቀቱን መለሰችልኝ። እስከ ጁላይ መጨረሻ ካላስተካከልኩ ዓመቱ በከንቱ ይሄዳል።

ስለ ጤናዎ "ደህና ነኝ" ብቻ ነው የጻፉት። ትንሽ ዘርዘር ያድርጉት።

ልጅዎ ዳውያ


ቲንሊል፣ ማርች 15፣ 1987

በአላህ ስም። ለዳውያ፣ የቤታችን ብርሃን። ይህ ደብዳቤ ሳቅሽ ላይ ይድረስ እንጂ ጭንቀትሽ ላይ አይድረስ።

በእኛ አገር ከገባው የወጣው ከበለጠ ጉባኤው ውሃውን አይመረምርም፤ ለኪውን ነው የሚያባርረው። ስለዚህ ሴትዮዋ እስካሁን ታግሳሻለች፤ አመስግኛት።

ካልሲዎቹ ደርሰውኛል፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ አስተያየት ብቻ አለኝ። ሌላ ጊዜ የግራውን ብቻ ላኪ። ሁለት የግራ ካልሲ የሚሸጥ ሰው ካለ ከእርሱ ግዢ። የቀኙ ሳጥን ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ቀኝ እግሬ ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ግራው ግን ዘንድሮ ቅምጥል ሆኖብኝ በቀትርም ካልሲ ይለኛል።

ሌላው ወሬ ጠባዬ ማማሩ ነው። ከቤት እስከ ማከፋፈያው ድንጋይ ሦስት መቶ እርምጃ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ድሮ እጄን ብድግ አድርጌ እያለፍኩ ነበር የምሄደው። ዘንድሮ በየስልሳ እርምጃው ቆሜ ሰላም እላለሁ፤ ስለ ልጆች እጠይቃለሁ፣ ስለ ፍየሎች እጠይቃለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ሰዉ ግራ ገብቶታል። ኢማሙ "ቡጀምዓ፣ ሐጅ ልትሄድ ነው እንዴ?" አለኝ።

ችግሩ ሦስተኛው ስልሳ የሚያልቀው ልክ አብደልሃዲ ደጅ ላይ ነው። ታስታውሺው እንደሆነ፣ "የድርሻዬ አንድ ስድስተኛው እንኳ አይደርሰኝም፣ ለኪው ሌባ ነው" ብሎ በጉባኤ ፊት የሰደበኝ ሰው ነው። ሁለት ቀን ግድግዳውን እያየሁ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ብቅ አለና "ግድግዳዬን ልትገዛው ነው?" አለኝ። ምን ላድርግ፣ "ሰላም አለይኩም" አልኩት። እርሱም በጣም ከመደንገጡ የተነሳ መለሰልኝ።

ካገኘሽ የሚታጠፍ በርጩማም ላኪልኝ። ለመቀመጫ አይደለም፤ ለእንግዳ ነው።

አጎትሽ ቡጀምዓ


ሊዮን፣ ኤፕሪል 2፣ 1987

ለዓሚ ቡጀምዓ፣ ከብዙ ሰላምታ ጋር፤ ዕድሜዎ ይርዘምልኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ እርምጃዎቹን ቆጠርኩ። በሦስተኛው ብዕር አነሳሁ።

ሲሄዱ የግራ ባትዎ ጭምድድ አድርጎ ይዞዎት ነው የሚቆሙት? ቆም ሲሉ ይለቅዎታል? እንደገና ስልሳ ሲሄዱ እንደገና ይይዝዎታል? ዓሚ፣ እኔ መሣሪያ ፊት የሚተኙት ሰዎች ሁሉ ጠባያቸው ያማረ ነው። አንዱ ሽማግሌ በየመንገዱ የሱቅ መስኮት ያያሉ። አንዲት ሴትዮ ውሻዬ ነው የሚያስቆመኝ ትላለች፤ ውሻዋ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

ነገውኑ ኸዲር ዘንድ ይሂዱ። ጣቱን በሁለቱም እግሮችዎ ጀርባ ላይ አድርጎ ትርታውን ይፈልግ። ከዚያ አድራር ከተማ ሄደው፣ በወር አንዴ መሣሪያ ይዞ የሚመጣውን ሐኪም ይዩት። በርጩማውን አልላክሁም። ለእንግዳ ሌላ መቀመጫ ይፈልጉለት።

ዳውያ


ቲንሊል፣ ሜይ 3፣ 1987

በአላህ ስም። ለዳውያ፣ ትእዛዝ መስጠት ለምትወደው፤ አላህ የሚታዘዝ ባል ይስጥሽ።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ኸዲር ዘንድ ሄጄ ነበር። በቀኝ እግሬ ላይ ጣቱን አድርጎ ቆጠረ። በግራው ላይ አድርጎ ጣሪያውን ረጅም ጊዜ አየ። "ምን አገኘህ?" ብለው "ጣሪያው መለሰን ይፈልጋል" አለኝ።

አድራርም ሄድኩ። ሐኪሙ እንዳንቺ ያለ መሣሪያ አለው። በግራ ጭኔ ውስጥ ያለው የደም ስር አንድ ስንዝር ያህል ላይ ስፋቱ በግማሽ ጠቧል አለኝ። ስለ ትምባሆም የሆነ ነገር ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ግን ያን ቀን ደክሞት ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አሰላሁት። ከአያቴ በወረደው ሰሌዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ ግማሽ የሆነ ቀዳዳ የሙሉውን ሩብ ያሳልፋል፤ አራቱ ትንንሾች አንድ ትልቅ ይሆናሉ። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ በሕዝብ ፊት ለክቼዋለሁ። ስለዚህ ለግራ እግሬ የድርሻው ሩብ ይደርሰዋል። ሩብ ድርሻ ያለው አትክልት ሽንኩርት አያበቅልም፤ ቴምሩ ግን አይሞትም። እኔም ሽንኩርቱን ትቻለሁ፤ መሮጥና ደረጃ መውጣት ማለቴ ነው። ጉዳዩ ተዘግቷል።

አጎትሽ ቡጀምዓ


(በብጣሽ ወረቀት፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ)

ዳውያ ልጄ፣ መብሩካ ነኝ፤ ኸዲር ይጽፍልኛል። አጎትሽ ያልጻፈልሽን ልንገርሽ። ሐኪሙ "ኦራን ሄደህ ቀዶ ጥገና ካልተደረገልህ እግርህ ይሞታል" ብሎታል። በትንሿ የእግሩ ጣት ላይ ቁስል አለ፤ ሰባት ሳምንት ሆነው፣ አልዳነም። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። እኔ አልተናገርኩም፣ ኸዲር ነው የጻፈው። አባቱ ኦራን በሁለት እግሩ ሄዶ በአንድ እግሩ መመለሱን አትርሺ።


ሊዮን፣ ሜይ 17፣ 1987

ለዓሚ ቡጀምዓ። አላህ እርስዎንም ልብዎንም ይጠብቅልኝ።

ማንም ምንም አልነገረኝም። ከራሴ ተነስቼ ነው የምጽፈው። በትንሿ ጣትዎ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ከራሴ ተነስቼ ነው የማስበው።

ሒሳብዎ ለሰሌዳ ትክክል ነው፤ ለእግርዎ ግን ትክክል አይደለም። ሰሌዳዎ ስስ ነው፤ ውሃው ቀዳዳውን እልፍ ይላል እንጂ አይጓዝበትም። የእርስዎ የደም ስር ግን ስንዝር ሙሉ ጠቧል። በዚያ ሁሉ መንገድ ግድግዳው ደሙን ይዞ ያዘገየዋል፤ በጠበበ ቁጥር ደግሞ ከግድግዳው የሚርቅ ደም የለም። ግፊቱ ያው ሆኖ ስፋቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚያልፈው ሩብ አይደለም፤ የሩብ ሩብ ነው። ከአስራ ስድስት አንድ። እግርዎ እስከ ዛሬ የቆየው ደሙ በጓሮ በር፣ በቀጫጭን ስሮች እየተሹለከለከ ስለሚደርሰው ነው። የጓሮ በር ደግሞ ቁስል ለማዳን አይበቃም።

አያምኑኝም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ እንወራረድ። ሁለት የመስታወት ቧንቧዎች ልኬያለሁ። ርዝመታቸው እኩል አንድ ስንዝር ነው፣ የአንደኛው ስፋት የሌላው ግማሽ ነው። እንዳይሰበሩ በሁለት የቀኝ ካልሲ ጠቅልያቸዋለሁ፤ ሁለቱ የግራ ካልሲዎች ለእግርዎ ናቸው። ደም ከውሃ ይወፍራልና ወፈር ያለ ነገር ያፍስሱባቸው። ሩብ ካገኙ ስለ እግርዎ ዳግመኛ ቃል አልተነፍስም። ከአስራ ስድስት አንድ ካገኙ ኦራን ይሄዳሉ። ማንም አያስገድድዎትም። የለኩትን እንደማይክዱ ስለማውቅ ብቻ ነው።

የእኔ ቅርንጫፎች አሁንም ከግንዱ ይበልጣሉ። ማዳም ሉሴት ሰላምታ መስጠት አቁማለች።

ዳውያ


ቲንሊል፣ ጁን 20፣ 1987

በአላህ ስም። ለዳውያ፣ የእጄ ልጅ። ሰላምታዬ ረጅም ነው፤ ደብዳቤዬም ረጅም ስለሆነ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

ቧንቧዎቹ በደህና ደረሱ። ወፈር ያለ ነገር ስላልሽ የቴምር ማር መረጥኩና በውሃ ትንሽ አቀጠንኩት። ላላ መብሩካ የቴምር ማሯን ገንቦ ይዤ ስወጣ ስታይ የተናገረችውን አልጽፍልሽም፤ ፖስታ ቤት ይከፍቱታል ይባላል። በመጨረሻ እርሷ ራሷ እየቀዳች ልትጨምር፣ እኔ ልቆጥር ተስማማን። ድስቱን በሁለት ቦታ በሳሁት። (ይህም አዲሱ ድስት ነበር።) ቧንቧዎቹን በጭቃ አጣበቅሁ። ማሩ ከምልክቴ ሳያልፍም ሳይጎድልም እንዲቆም መብሩካ ቀስ እያለች ትጨምራለች። ይህ ሥራ ይሳካላት ነበር፤ ወንድ ብትሆን ጉባኤው እኔን ያባርረኝ ነበር።

ሰዓት ስለሌለኝ ባለ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ በሆነው መቁጠሪያዬ ቆጠርኩ። ሰፊው ቧንቧ የሻይ ብርጭቆዋን በሃያ ፍሬ ሞላት። ሃያ በአራት ሰማንያ ነው። ሰማንያ ስደርስ ብርጭቆዋ ልትሞላ ነው ብዬ ፈገግ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ሰማንያ ላይ ሳያት ሩብ ናት። መብሩካ "ምነው ፈገግታህ ደረቀ?" አለችኝ። መቁጠሪያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፤ በአራተኛው አስራ አራት ፍሬ ገብቼ ሞላች። ሦስት መቶ አስራ አንድ።

ቧንቧው ቆሽሿል አልኩ፤ አጥቤው እንደገና ለካሁ፣ ሦስት መቶ አስራ ስምንት። ማሩ ወፍሯል አልኩ፤ በሰፊው ስሞክረው አሁንም ሃያ። በደንብ አልቀዳሽም አልኳት፤ እርሱን ባልል ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቧንቧዎቹን ነቅዬ አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ቀዳዳ ብቻ ያለበት ስስ መዳብ አደረግሁና ለካሁ። ልክ አራት እጥፍ። እንግዲህ ሰሌዳዬ አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ለቀዳዳ የተሠራውን ለቧንቧ እንዲመልስ ያስገደድኩት።

ከዚያ ቁጭ አልኩና አብደልሃዲ ትዝ አለኝ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ድርሻውን ከመንገዱ ስር ለማሳለፍ አርባ እርምጃ የሸክላ ቧንቧ ቀበረ፤ ስፋቱ እኩል ድርሻ ያለው የጎረቤቱ ቧንቧ ግማሽ ነበር። ሩብ ይደርስሃል ብዬ ፈረድኩ። እርሱ "አንድ ስድስተኛውም አይደርሰኝም" አለ፤ እኔ በጉባኤ ፊት ውሸታም አልኩት፣ እርሱ ሌባ አለኝ። ውሃ እንደ ማር ስላልወፈረ አስራ ስድስት ላይሞላ ይችላል፤ ስድስተኛው ግን እውነት ሳይሆን አይቀርም። ሰውዬው ውሃውን በቆቡ እየቀዳ ነበር የለካው፣ እኔ በአያቴ ሰሌዳ። እርሱ ነበር ልክ።

በማግስቱ ሄድኩ። በሦስተኛው ስልሳ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "አስራ አንድ ዓመት ሽንኩርት ከገበያ ገዛሁ" አለ። "አዎ" አልኩት። "ለዚህ እግርህ መታመም ነበረበት?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሻይ ቀዳልኝ። ስኳር አልጨመረበትም፤ ሆን ብሎ ነው፤ ጠጣሁት።

አሁን ስለ ኦራን። ውርርዱን ተሸንፌያለሁ፣ እሄዳለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈርቻለሁ። የእኛ ሥርዓት ለኪው በሁለት ባዶ እግሩ ቦዩ ውስጥ ቆሞ እንዲለካ ነው፤ ካልቆመ ጉባኤው ቁጥሩን አይቀበልም። አባቴ በአንድ እግር ሲመለስ ሰሌዳውን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ዳር ላይ ተቀምጦ ስለካ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሃል ወይም ልክ ነህ አላለኝም። እኔ እንደዚያ ዳር ላይ መቀመጥ አልችልም፣ ዳውያ። ሰሌዳውን የምሰጠውም ሰው የለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠባቡን ቧንቧ ስሞክር ማሩ ላይ ቆንጥሬ የከሰል ዱቄት ጣልኩበት። የመሐሉ ዱቄት እንደ ምላስ ወጥቶ ሮጠ፤ ከመስታወቱ ጥግ ያለው ንቅንቅ አላለም። ብርጭቆዋ ከሞላችበት ጊዜ የሁሉንም አማካይ ፍጥነት አሰላሁ፤ የመሐሉ ምላስ የአማካዩን እጥፍ ይሮጣል። በትልቁ ቦያችን ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ገለባ ስጥል የመሐሉ አስር ሲሄድ ሁሉም ባንድ ላይ ስምንት ይሄዳል።

አንቺ መሣሪያሽን የምታነጣጥሪው የት ነው? መሐሉ ላይ ከሆነ፣ ቅርንጫፎችሽ ጠባብ ናቸውና መሐላቸው በጣም ይዋሻል። ግንድሽ ሰፊ ነውና ትንሽ ይዋሻል። ደሙ መንገድ ላይ አልወለደም፤ አንቺ ነሽ ሯጩን አይተሽ መንደሩን ሁሉ ሯጭ ያደረግሽው።

አጎትሽ ቡጀምዓ


ሊዮን፣ ጁላይ 4፣ 1987

ለዓሚ ቡጀምዓ፣ ለአስተማሪዬ። እጅዎን ስሜ እጀምራለሁ።

ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ ማካፈል ጀመርኩ። ሁልጊዜ የምወስደው ትልቁን ፍጥነት፣ የመሐሉን ነበር። ለእያንዳንዱ የደም ስር አማካዩን ፈልጌ አርባውን ሰው እንደገና አሰላሁ። ቅርንጫፎቹ ተደምረው ግንዱን ሆኑ። ማዳም ሉሴት "ማን ነገረሽ?" አለችኝ። "አጎቴ፣ በቴምር ማር" አልኳት። የት መጽሔት ላይ እንዳወጡት ጠየቀችኝ። ድስት ላይ ነው አልኳት። አሁን ሰላምታ ትሰጠኛለች።

ኦራን ጁላይ 22 እደርሳለሁ፤ ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። የሚሠራውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የፎጋራው ጣሪያ ሲናድ ምን ታደርጋላችሁ? የተናደውን ትታችሁ በጎን ሌላ ዋሻ ትቆፍሩና ከናዳው በታች ታገናኙታላችሁ። ሐኪሙም ከራስዎ እግር አንድ የማይሠራበት ስር ወስዶ በጠበበው ዙሪያ ያሳልፈዋል። አባትዎ በሄዱበት ጊዜ ይህ ሥራ አልነበረም። እኔም እፈራለሁ ዓሚ። ግን ለክቼዋለሁ።

ሁለቱንም ጫማዎን ይዘው ይምጡ።

ዳውያ


ቲንሊል፣ ኦክቶበር 25፣ 1987

በአላህ ስም። ለዶክተር ዳውያ፤ ገና አልሆንሽም እንጂ መጥራቱን እኔ ልጀምር። ሰላምታዬ በሁለት እግሩ ቆሞ ነው የሚደርስሽ።

ከኦራን ከተለያየን ወዲህ ቁስሉ ተዘግቷል። ትንሿ ጣቴ እንደ አዲስ ሆናለች። ኸዲር በየዓርቡ ጣቱን እግሬ ላይ ያደርግና አሁን ጣሪያውን አያይም። ትምባሆዬን ላላ መብሩካ ወስዳ በፍየሎቹ በረት ውስጥ አቃጠለችው፤ ፍየሎቹ ሁለት ቀን ሲያስነጥሳቸው ዋለ። ለድስቱም ለማሩም ዛሬም ድረስ እየተጠየቅሁ ነው፤ ኢንሻአላህ አንድ ድስት ላኪላት፣ ያልተበሳ።

ባለፈው ሰኞ ቴምሩ ከተለቀመ በኋላ ፎጋራዋን ለካሁ። ካልሲዬን አውልቄ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ሁለቱንም እግሬን እኩል በረደው። ዳውያ፣ እዚያ ቆሜ አባቴ ይቀመጥበት የነበረውን ድንጋይ አየሁት፤ ባዶ ነበር። ዓይኔ እንባ ስለሞላ ቀዳዳዎቹን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነበረብኝ። መቶ አስራ አንድ ሐባ።

አብደልሃዲ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ጊዜ በጉባኤው ፊት "አብደልሃዲ፣ ለምን ትነቀንቃለህ? ቁጥሩ ስህተት ነው?" አልኩት። "ምን ቁጥር?" አለኝ። "አንገቴ ነው። ከሃያ ዓመት ጀምሮ ብቻውን ይነቀነቃል።"

የሸክላ ቧንቧውን አውጥተን ሰፊ ተካንለት። ሽንኩርት ዘርቷል፤ ለእኔም አንድ መደብ ለይቶልኛል።

የቀረውን ልንገርሽና ልጨርስ። ከኦራን የመጣሁ ሰሞን ሦስት መቶውን እርምጃ ሳልቆም ሄድኩት። እየሄድኩ እስቅ ነበር፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም። እጄን ብድግ እያደረግሁ ሁሉንም አለፍኩ፤ አብደልሃዲንም አለፍኩት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ ጠራኝ። ደጁ ላይ ሻይ ቀድቶ ቆሟል፤ ብርጭቆዎቹ ሁለት ናቸው። ሦስቱንም ቀን ቀድቶ ኖሯል።

"ቡጀምዓ" አለኝ፣ "እግርህ ሲድን ጠባይህ ታመመ።"

ተመልሼ ጠጣሁ። ስኳር ነበረው። ከዚያ ወዲህ በሦስተኛው ስልሳ ላይ በየቀኑ እቆማለሁ፤ ስለ አንገቱ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ እግሬ ይጠይቀኛል። እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ምንም አያመኝም።

አጎትሽ ቡጀምዓ፣ የቲንሊል ውሃ ለኪ